የአዲሱ ቤት ዋስትና

ፍሪሞንት፣ ኦሃዮ
ሜይ 11 ቀን 1997

ውድ ኤመት፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ መልሱ ስለዘገየብህ ይቅር በለኝ። መጋረጃ ስሰቅል ነው የከረምኩት። አዎ፣ አረንጓዴዎቹን ነው። አይ፣ የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም። ስለ ጎረቤት ለጠየቅከኝ፣ በግራ ያለው ቤት ገና ጣሪያ አልወጣለትም፤ በቀኝ ያለው እርሻ ነው፣ በቆሎ ዘርተውበታል። ልጆቹ ከወጡ ወዲህ፣ አንተም መርከብህ ላይ ከሆንክ ወዲህ፣ እዚህ ቤት ድምፅ ያለን እኔና ፍሪጁ ብቻ ነን።

ቤቱ አዲስ ነው ተብሎ አርፎ አይቀመጥም። የቁም ሣጥኑ በር አልገጥም አለ፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ከደረጃው አንዱ እርከን ሲረግጡት ይጮሃል። ደግነቱ፣ የገባንበት በማርች ቢሆንም፣ ውሉን ከፈረምንበት ካለፈው ኦክቶበር ጀምሮ ዓመት እስኪሞላ ድረስ የተበላሸውን የሚያድሰው ቤቱን የሠራልን ኮንትራክተር ነው። ሌስተር የሚባል ሰው ይልካሉ። ስደውል ሳምንት ሳያልፍ ከች ይላል። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ አንድ የዋስትና ኩባንያ ወረቀት ልኮልናል። በየዓመቱ እየከፈሉ ለማሞቂያው፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለዕቃ ማጠቢያው ዋስትና መግዛት ነው። የሆነ ነገር ሲበላሽ ለእነሱ ይደወላል፤ እነሱ ሰው ይልካሉ። ለአዲስ ዕቃ ምን ዋስትና ያሻዋል ብዬ ወረቀቱን ልጥለው ነበር። ግን ቤቱ የሁለታችን ነው፤ አንተስ ምን ትላለህ?

ሌላም አንድ ነገር አለ። በደንብ ሳላጣራ ግን አልጽፍልህም። አታስብ።

ያንተው ሮንዳ

—

ዱሉዝ ወደብ
ሜይ 26 ቀን 1997

ሮንዲ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ በመሻሉ ደስ ብሎኛል። እኔም ከወገቤ በቀር ምንም አልሆንኩም። የብረት ማዕድኑን ጭነን ነገ ወደ ታችኞቹ ሐይቆች እንወርዳለን።

ዋስትናውን ግዢው። እንዴት አዲስ ዕቃ አይበላሽም ትያለሽ? እኔ የሞተር ሰው ነኝ፤ አዲስ ዕቃ ነው ቶሎ የሚበላሸው። ደግሞ ኩባንያው በየጊዜው የተለያየ ሰው ነው የሚልከው አሉ። እሱ ነገር ደስ ብሎኛል።

ይኼ ሌስተር ዕድሜው ስንት ነው? ለማወቅ ያህል ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ወጥ ሠሪያችን ኦቲስ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«ምን ትላለች?» አለኝ።

«የቧንቧ ነገር ነው።»

«ማን ሠራላት?»

«የኮንትራክተሩ ሰው። ጨዋ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው።»

«ጫማውን ካወለቀማ፣ ወንድሜ፣ ያ ቧንቧ ቶሎ አይጠገንም» ብሎ ሳቀ። ሞተር ክፍል ያሉትም ሰምተው ሳቁ። እስካሁን ባየሁት ቁጥር «ካልሲው እንዴት ነው?» ይለኛል።

እኔ በገዛ ቤቴ በካልሲ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዕቃውን ከመኪና አውርጄ ሳልጨርስ ነው ወደ መርከብ የተጠራሁት።

«አታስብ» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ እንዴት ነው የማላስበው? የተውሽውን ነገር ጻፊልኝ።

ኤመት

—

ፍሪሞንት
ጁን 15 ቀን 1997

ውድ ኤመት፣

ለወገብህ የምትቀባውን ልኬልሃለሁ፤ መርከባችሁ ወንዙን ሲያልፍ በሚጠጋችሁ የፖስታ ጀልባ ይደርስሃል። ስጠኝ እያለ እንዳያስቸግርህ ለኦቲስ አታሳየው።

ዕድሜውን መታወቂያ አምጣ ብዬ አልጠየቅኩትም። በእኛ ዕድሜ አካባቢ ይመስለኛል። አዎ፣ ጸጉር አለው። አይ፣ ስለ ሚስቱ አላነሳልኝም፤ ጣቱ ላይ ግን ቀለበት አለ። ሌላ የምትፈልገው ካለ መለኪያ ሜትር ይዤ እጠብቀዋለሁ።

ሳልጽፍልህ የቆየሁት ነገር ይኼ ነው። ከመሬት በታች ባለው ምድር ቤት ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ሥሩ እርጥብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ይብስበታል። አንተን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው የዘገየሁት፤ በዚህ ይቅርታ አድርግልኝ። ደግሞም ቦታውን የመረጥከው አንተ ነህ፤ እኔ ጉድጓድ ነው ብዬ ነበር፤ «አልኩህ» የሚል ደብዳቤ መጻፍ አልፈለግኩም። ሌስተር ወርዶ አየው። የውጪው አፈር ወደ መንገዱ ማዘንበል ሲገባው ወደ ቤቱ አዘንብሏል አለኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ይዤ መጥቼ ጎኑን ቆፍሬ አስተካክለዋለሁ ብሏል።

ወደ ዋስትናው ስመጣ፣ ኩባንያው ጋ ደውዬ ነበር። አንዲት ልጅ አነሳች።

«ምድር ቤቴ ውሃ ቢገባ ትሸፍናላችሁ?» አልኳት።

«እሱን አንሸፍንም፣ እመቤቴ።»

«ጣሪያውስ?»

«ጣሪያም የለበትም። ማሞቂያውን ግን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን።»

«ማሞቂያውንማ የሠራው ፋብሪካ ራሱ ለዓመታት ዋስትና ሰጥቶኛል።»

«እንግዲህ ልብዎ እንዲያርፍ ነው» አለችኝ።

የኔ ልብ አርፏል ኤመት። ያላረፈው ያንተ ነው። ስለዚህ አልገዛሁም።

ሮንዳ

—

ዱሉዝ
ጁላይ 20 ቀን 1997

ሮንዳ፣

ደብዳቤሽና መድኃኒቱ ደርሰውኛል። አመሰግናለሁ። ወገቤ ተሽሎታል።

ስለ ግድግዳው ለምን ወዲያው አልነገርሽኝም? ለእሱ ነገርሽው። እኔ አራተኛ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ አንቺ፣ ቀጥሎ እሱ፣ ከዚያ የፖስታ ጀልባው፣ ከዚያ እኔ። ቤቱ ውስጥ የትኛው እርከን እንደሚጮህ እሱ ያውቃል። የትኛው መስኮት አልከፈት እንደሚል ያውቃል። ማታ ሞተሩ ሥር ተቀምጬ ቤቴን በሐሳቤ ልዞረው እሞክራለሁ፤ በር ከፍቼ እገባለሁ፣ ሳሎኑ ይመጣልኛል፣ ከዚያ ወዲያ መብራቱ የት እንደሚበራ እንኳ አላውቅም። እሱ ግን በጨለማም ይሄድበታል።

ዋስትናውን ገዝቼዋለሁ። ወረቀቱን ከዚሁ ሞልቼ ላክሁ። ካርዱ በአንቺ ስም ይመጣል። ከእንግዲህ አንድ ነገር ቢበላሽ በካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደውዪ። ሌስተርን የሚያስቸግረው የለም።

ቅዳሜ ዕለት ከወደብ ሆኜ ቤት ደውዬ ነበር። ስለ እሱ አሁን አልጽፍም።

ኤመት

—

ፍሪሞንት
ኦገስት 10 ቀን 1997

ኤመት፣

ደህና ነህ ብዬ ልጀምር። ደህና ሁን።

ካርዱ መጥቷል። ስሜን «ራንዳ» ብለው ጽፈውታል፤ ስለዚህ ይህች ራንዳ የምትባል ሴት ጥሩ ዋስትና አላት። እኔ ሳልፈልገው፣ አልገዛም ብዬ ጽፌልህ፣ ከጀርባዬ ሄደህ ገዛኸው። ዋስትናው የማይሸፍነውን ነገር ልቁጠርልህ ብዬ ጀምሬ ተውኩት፤ ወረቀት አይበቃኝም።

አንተ ስለ ቅናት ታወራለህ? ይህን ሁሉ ዓመት ሐይቁ በረዶ ሆኖ ክረምት ቤት ስትገባ የምትነግረኝ ስለ ማን ነው? «ዘንድሮ አሟት ነበር። አሁን ተሽሏታል። ድምጿን ሰምቼ ምን እንደጎደላት አውቃለሁ።» ስለ አንዲት አሮጌ መርከብ ሞተር እኮ ነው። የእኔን ድምፅ ሰምተህ ምን እንደጎደለኝ ያወቅክበትን ቀን ንገረኝ። አንድ ቀን ብቻ። ሴት ብትሆን ጸጉሯን ነጭቼ ነበር፤ መርከብ ስለሆነች ግን ሳሎኔ ውስጥ ፎቶዋን ሰቅዬላታለሁ።

ለምን ደወልክ? ያልጻፍከው ነገርስ ምንድን ነው?

ሌስተር ከመጣ ቆይቷል። ቆፍሬ አስተካክላለሁ ያለበት ሳምንትም አለፈ። ቢሮ ስደውል «ሥራ በዝቶበታል» ይላሉ። ግድግዳው እንዳለ ነው።

ሮንዳ

—

ዲትሮይት ወንዝ ላይ
ኦገስት 31 ቀን 1997

ሮንዲ፣

ጀልባው እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ነው፤ ይቅርታ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ከወትሮው በላይ ሙቀት ነው። ኦቲስ ጥርሱን አስነቅሎ አሁን ሾርባ ብቻ ነው የሚያበላን።

ፎቶውን አውርጂው። ስለ ሌላው በአካል እንነጋገራለን።

ኤመት

—

ፍሪሞንት
ሴፕቴምበር 28 ቀን 1997

ኤመት፣

በአካል እስክንነጋገር መጠበቅ አልቻልኩም። ዛሬ የሰላምታ ወጉን ተወኝ።

ዓመቱ ሊሞላ ስለሆነ ዓርብ ዕለት ራሴ የኮንትራክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋን፣ «ሌስተር ለምን አልመጣም? ምድር ቤቴን አስተካክላለሁ ብሎ የተወው እሱ ነው» አልኳት።

አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ቤት እንዳይላክ ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ባለቤትዎ። ጁላይ ላይ ደውለው አለቃውን አነጋገሩት። ሰውዬው ከሥራ ሰዓት ውጭ እየመጣ ነው፣ ሁለተኛ በሬን እንዳይረግጥ አሉ። አለቃውም ሌላ ከተማ ወዳለው ሥራ አዛወረው።» ከዚያ ደግሞ፣ «እኔ የምለው ነገር የለኝም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ግን የምትለው ብዙ ነበር። ይህች ከተማ ትንሽ ናት፤ እሷ የማታስበውን ነገር እንድታስብ ያደረግካት አንተ ነህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ የነበረው እኔ ሌላውን ቀን ሥራ ስለምውል ነው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።

በእሱ ፈንታ አንድ ወጣት ልከው ነበር። ግድግዳውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ሲሚንቶ ያልበዋል፣ ያለ ነው» ብሎ ሄደ። ጫማውን አላወለቀም። ደስ ይበልህ።

ሮንዳ

—

ዱሉዝ
ኦክቶበር 12 ቀን 1997

ሮንዳ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደውያለሁ። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው።

የዚያን ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ። ጭነት እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ነበረን። ዝናብ እየዘነበ ስልክ ቤቱ ጋ ቆሜ ወረፋ ጠበቅኩ። ምን እንደምልሽ ሁሉ አስቤ ነበር፤ ስለ ልደትሽ ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ተነሳ። ወንድ ነው ያነሳው። «ሄሎ» አለ፤ ልክ ቤቱ እንደሆነ ሰው፣ ዘና ብሎ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለኝ። በገዛ ቤቴ ማን ልበል ተባልኩ። ምን ብዬ ልመልስለት? ዘጋሁት። ከኋላዬ የቆመው ልጅ «አልተነሳም እንዴ?» አለኝ። «አልተነሳም» አልኩት።

ከዚያ ሳንቲሙ እጄ ላይ ነበር፤ ኮንትራክተሩ ቢሮ ደወልኩ፤ አለቃው ራሱ አነሳ።

ግቢ ነበርሽ ይሆናል። እጅሽ ሊጥ ይዞ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ምክንያት እፈልግልሻለሁ፤ ማታ ላይ ሁሉም ይፈርሳሉ። ይቅርታ ልበልሽ ብዬ ብዕር አነሳና ያ «ሄሎ» ይመጣብኛል።

እውነቱን ንገሪኝ። ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።

ኤመት

—

ፓዱካ፣ ኬንታኪ
ኖቬምበር 9 ቀን 1997

ኤመት፣

አድራሻውን አይተህ ገምተሃል፤ እህቴ ኖርማ ጋ ነኝ። እሷም ባሏም ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል፤ ሰላም ያሉህ ሁሉን ስላልነገርኳቸው ነው።

ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ሳያባራ ዘነበ። ማክሰኞ ጠዋት የምድር ቤቱን በር ስከፍት የክረምት ልብሳችን ያለባቸው ካርቶኖች እየተንሳፈፉ ነበር። የእናትህ ስፌት መኪናም እዚያው ነው። ውሃው ማሞቂያውን አጠፋው። በራንዳ ስም ደወልኩ። ሠራተኛ መጣ፤ አየ፤ «ማሞቂያው በራሱ ቢበላሽ እንሸፍን ነበር፤ ይኼ ግን ጎርፍ ነው» አለኝ። ቤት ድረስ ለመጣበትም አስከፈለኝ። ኮንትራክተሩ ጋ ደወልኩ፤ ጸሐፊዋ አዘነችልኝ፤ «ዓመቱ እኮ ሞልቷል» አለችኝ።

ሌስተር ያን ጊዜ ቢቆፍረው ይህ አይሆንም ነበር። እንዲህ ብዬ የምጽፈው አንዴ ብቻ ነው።

ስለ ስልኩ ለጠየቅከኝ፣ ያን ቀን ግቢ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «አንሳልኝ፣ ኤመት ሊሆን ይችላል» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ዘጉት» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ።

ከዚህ በላይ ስለ ሌስተር አልጽፍም፤ አትጠይቀኝ። ቤቱ ይበርዳል፣ እኔም ደክሞኛል። ቁልፉ የተለመደው ቦታ ነው።

ሮንዳ

—

ፍሪሞንት
ኖቬምበር 30 ቀን 1997

ሮንዲ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ነው። መርከቡ ለክረምት ሳይቆም ወርጃለሁ። ካፒቴኑ «ለጸደይ ቦታህን አልጠብቅልህም» አለኝ፤ አትጠብቅልኝ አልኩት። የመጀመሪያውን ቀን ቁልፉን የተለመደው ቦታ ፈልጌ አጣሁት። የተለመደው ቦታ የት እንደሆነ የማላውቅ ሰው ነኝ ለካ። በምድር ቤቱ መስኮት ገባሁ፤ እግሬ ውሃ ውስጥ አረፈ።

ውሃውን በፓምፕ አውጥቻለሁ። ማሞቂያውን ፈትቼ አድርቄ አስነሳሁት፤ እሱስ ሥራዬ ነው። የእናቴ ስፌት መኪና ግን አይሆንም። ካርዱን ቀድጄ ጣልኩት፤ ኩባንያው ግን የከፈልኩትን አይመልስም።

ከዚያ ሌስተርን ፍለጋ ሄድኩ። አድራሻውን የሰጠችኝ ያችው ጸሐፊ ናት፤ ከነግልምጫዋ። በሩን ግማሽ ከፍቶ ቆመ። እንዳሰብኩት ቆንጆ አይደለም። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ኤመት ነኝ፣ የሮንዳ ባል» አልኩት።

«አውቄሃለሁ። ፎቶህን አቧራ ስጠርግለት ነበር፤ ደረጃውን ስጠግን ይረግፍበታል።»

«ሥራህን አበላሸሁብህ።»

«አዎ፣ አበላሸህብኝ። በየቀኑ ሩቅ ነው የምነዳው።»

ይቅርታ አልኩት። እሱ ግን «ውሃው ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ገባ።»

«በሰሜን በኩል ጎኑን ተከትለህ እስከ መሠረቱ ቆፍር። ጠጠር አልብሰው፣ ቧንቧ ቅበር፣ አፈሩን ወደ መንገዱ አዘንብለው። መሬቱ በረዶ ሳይይዝ ፍጠን።»

«መጥተህ ብታሳየኝ…»

«አልመጣም» አለ። «እንዳልመጣ ጠይቀሃል እኮ።» ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

እየቆፈርኩ ነው። ወገቤን አትጠይቂኝ። አፈሩ ላይ ላዩን መጠንከር ጀምሯል፤ በመዶሻ ነው የምሰብረው። አልዋሽሽም፤ ስቆፍርም ቅናቱ ይመጣል። እሱ አንድ ከሰዓት ቢውልበት ኖሮ የሚጨርሰውን እኔ ሳምንት ሙሉ ታገልኩት እላለሁ። መብራቶቹን ግን አሁን አውቃቸዋለሁ።

ምንም አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ፤ እሱን በሌላኛው ወረቀት ጽፌዋለሁ። ካልፈለግሽ አታንብቢው።

ኤመት

—

ፓዱካ
ዲሴምበር 14 ቀን 1997

ውድ ኤመት፣

ጤናህን ለምን አልጠይቅም? ወገብህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ፤ ኖርማ ጉንፋን ይዟት እሷን ሳስታምም ነበር፤ እሱ ግን ሰበብ ነው። ሌላኛውን ወረቀት አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ደግሞ አነበብኩት።

እሱ እንዲቆይልኝ ፈልጌ አውቅ እንደሆነ ጠይቀሃል፤ እንግዲህ መልሱ ይኸው። አንድ ቅዳሜ ሌስተር ሥራውን ጨርሶ የኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ስለ በቆሎው ነበር የምናወራው፤ ዘንድሮ ዘግይቷል እየተባባልን። ሊሄድ ተነሳ። ባይሄድ ብዬ ተመኘሁ። እሱን ነው ወይስ «ዛሬስ ምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ግን ተመኝቻለሁ። እሱ ዕቃውን ይዞ ሄደ፤ እኔም ብርጭቆውን አጠብኩ። ከዚህ ሌላ የለም። ከዚህ ያነሰም አይደለም፤ ያነሰ ነው ብልህ አንተ ከድምፄ ባትለየውም፣ ውሸት መሆኑን እኔ አውቃለሁ።

ይህን ይዘህ መኖር ከቻልክ ጥሩ። ካልቻልክ አሁን ንገረኝ፤ እዚህ ኖርማ የተኛሁበትን ክፍል አልፈለገችውም።

በጸደይ ወደዚያ መርከብ ላለመመለስ የቆረጥከውን አትቀይር። ሌላ መርከብ ብትፈልግም ከመፈረምህ በፊት ለእኔ ንገረኝ፤ እኔም ደግሞ ግድግዳ ሲረጥብ መጀመሪያ ለአንተ እነግርሃለሁ። የዋስትና ሰዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት ቢጽፉ ራንዳ የምትባል ሴት እዚህ ቤት የለችም በላቸው።

ቦዩ አልቋል ወይስ ገና ነው? ገና ከሆነ አትጨርሰው፤ አንድ ክንድ ያህል ተውልኝ። በገዛ እጄ አንድ አካፋ አፈር ማንሳት እፈልጋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በአውቶቡስ እገባለሁ። ጣቢያ እንዳትመጣ። ቤት ሁነህ ጠብቀኝ። አንተ ከውጪ ስትመጣ በር የምከፍተው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ አንዴ እንኳ እኔ ላንኳኳና አንተ ከፍተህ «ማን ልበል?» በለኝ።

ሮንዳ